ወናፍና ጠጋኙ፤ የእሳት ሥራ ታሪክ በቤኒሻንጉል ምድር

ስለ ቤኒሻንጉል ምድር የተጻፈውን ታሪክ ገልጦ የሚመለከት ሰው ከገጽ ገጽ የሚከተለው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ወርቅ» የሚለው ነው። የግብጽ ገዥዎች ጦራቸውን በዐባይ ሸለቆ አሻቅበው ያዘመቱት ወርቅ ፈልገው ነበር። ከአውሮፓ የመጡት መንገደኞችና የማዕድን ዐዋቂዎች በማስታወሻቸው አብዝተው ያሰፈሩት ስለ ወርቅ ነበር። አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲጠቃለልም የተቈረጠበት ግብር በወርቅ የሚከፈል ነበር። ይሁን እንጂ ወርቅ ራሱን በራሱ ከመሬት አያወጣም። አፈሩን የገለጠው፣ ጠጠሩን የፈለፈለው፣ ለቈፋሪው ቀለብ የሚሆነውንም ማሽላ የኰተኰተው ብረት ነው። ብረቱን ያለሰለሰው እሳት ነው፤ እሳቱን ያበረታው ወናፍ ነው። ወናፉን ደግሞ ከዓመት ዓመት ያኖረው መርፌና ቅባት፣ ጭቃና ትዕግሥት ይዞ የተቀመጠ፣ ስሙ በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ሰው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለዚያ ሰው ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ወደ ምዕራቡ አገራችን ብዙ ዐይነት መሣሪያ ገብቷል፤ ብዙውም ከአስገቢው ጋር አብሮ ጠፍቷል። ከሁለት የፍየል ቆዳ የተሰፋው ወናፍ ግን ጦርነቱንም፣ ፈንጋዩንም፣ የመንግሥት ለውጡንም አልፎ ለእኛ ዘመን በቅቷል። ምክንያቱ አንድ ነው። ወናፉ ሲቀደድ የሚሰፋው ሰው ከጎኑ አልተለየም።

ምድሩና ብረቱ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በዐባይ ወንዝ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከወንዙ ወዲያ በስተ ሰሜን መተከል፣ ከወንዙ ወዲህ በስተ ደቡብ አሶሳና ካማሺ ይገኛሉ። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ምድሩ በአብዛኛው ቆላ ሲሆን በቆላ ቀርከሃው የታወቀ ነው። በርታና ጉሙዝ ከጥንት ጀምረው መሬቱን የሚያለሙት በበሬ ሳይሆን በእጅ መሣሪያ ነበር። ጫካውን መንጥረው ያቃጥላሉ፤ አመዱ ባዳበረው አፈር ላይ ማሽላ ይዘራሉ፤ መሬቱም ሲደክም ለዱሩ መልሰው ወደ ሌላው ያልፋሉ። እንዲህ ላለው እርሻ ሞፈርና ቀንበር አያስፈልግም፤ መጥረቢያና ዶማ ግን የግድ ናቸው። መጥረቢያ በእንጨት፣ ዶማም በጠጠር ስለቱ ይበላል። የተበላ ስለት በእሳት ካልታደሰ በሚቀጥለው ክረምት እርሻ የለም ማለት ነው።

ብረት በዚህ አገር ከመታወቁ በፊት የነበረው ዘመን እጅግ ረጅም ነው። በአሶሳ አካባቢ ቃኣባና ቤል ኩርኩሙ በተባሉት የዓለት መጠለያዎች የስፔን የአርኪዮሎጂ አጥኚዎች ቈፍረው በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የድንጋይ መሣሪያ ባህል በዚያ ሥፍራ ለረጅም ዘመን እንደ ኖረ ያስረዳል። ከዚህ ምድር ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ዐባይ ወደ ሱዳን ወርዶ ከነጭ ዐባይ ጋር ከተገናኘ በኋላ በሚያልፍበት አገር ደግሞ የመርዌ ሰዎች ከ1,000 ዓመት በላይ ብረት ሲያቀልጡ ኖረዋል። በመርዌ ከተማ ዛሬም ኮረብታ የሚያህል የብረት ዝቃጭ ተከምሮ ይታያል። በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ አሶሳን በሚያዋስነው በወለጋ ምድር፣ ኦሮሞዎች «ቱምቱ» የሚሏቸው ቀጥቃጮች ብረት ከአፈሩ አቅልጠው ያወጡ እንደ ነበር የቀረው ዝቃጭ ይመሰክራል። በጊምቢ አጠገብ በቢቂላል የብረት ማዕድን መኖሩንም የኋለኛው ዘመን የጂኦሎጂ ጥናት አረጋግጧል። እንግዲህ ቤኒሻንጉል ብረትን በሚያውቁ አገሮች መካከል የተቀመጠ ምድር ነው።

እሳቱና እስትንፋሱ

ተራው የቤት ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ያፈላል፤ ብረትን ግን አይገዛም። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ብረት ግን እስከ 1,538 ዲግሪ ይታገሣል። የጥንቱ አቅላጭ እዚህ መጨረሻ ላይ መድረስ አልተቻለውም፤ ደግሞም አላስፈለገውም። የብረት አፈሩንና ከሰሉን በጭቃ በተሠራ እቶን ውስጥ እያፈራረቀ ይደረድራል። ከሰሉ በጥቂት አየር ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ከአፈሩ ውስጥ ኦክስጅኑን ይነጥቀዋል። ሙቀቱ 1,200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ድንጋያማው ዝቃጭ ቀልጦ ይወርዳል፤ ብረቱ ግን ሳይፈስስ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮና ተጣብቆ ይቀራል። ያን ጓል አውጥተው በመዶሻ ሲቀጠቅጡት የተረፈው ዝቃጭ ይረግፋል፤ የሚሠራ ብረትም ይገኛል። የቀጥቃጭነት ስም የመጣው ከዚህ ድካም ነው።

ለዚህ ሁሉ ቁልፉ አየር ነው። አየር ሲያንስ እሳቱ ይቀዘቅዛል፤ ሲበዛም ብረቱ ራሱ እንደ ማገዶ ይቃጠላል። ስለዚህም ሰው በልኩ የሚሰጥ ሳንባ መሥራት ነበረበት። በመርዌ የብረት ማቅለጫ ቤቶች በተደረገው ቁፋሮ ከእቶኖቹ አጠገብ አፋቸው በቆዳ የሚለበድ የሸክላ ወናፎች ተገኝተዋል። በኢትዮጵያ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ግን የከረጢት ወናፍ ነው። የፍየል ቆዳ ሳይተረተር ይገፈፋል፤ ለስልሶም እንደ ስልቻ ይሆናል። በሰፊው አፉ ግራና ቀኝ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ይሰፋሉ፤ በጠባቡ ጫፍ ደግሞ ቧንቧ ይታሰራል። ነፊው እንጨቶቹን በጣቶቹ ከፍቶ ከረጢቱን ወደ ላይ ሲያነሣ አየር ይገባል፤ እንጨቶቹን ገጥሞ ወደ ታች ሲጫን አየሩ በቧንቧው ወደ እሳቱ ይወጣል። ሁለት ከረጢት በሁለት እጅ ሲፈራረቅ እስትንፋሱ አይቋረጥም።

እዚህ ላይ የጥንቱ ባለሙያ ብልኀት የሚታይበት አንድ ነገር አለ። የወናፉ ቧንቧ ወደ እሳቱ የሚያደርሰውን የሸክላ ቧንቧ አይገጥመውም፤ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይተዋል። ያላወቀ ሰው ይህን እንደ ጕድለት ይቈጥረውና አየር እንዳይባክን ሊደፍነው ይከጅላል። ነገር ግን ክፍተቱ የተደፈነ እንደ ሆነ ከረጢቱ ሲነሣ ከእሳቱ ፍምና ነበልባል ወደ ኋላ ይስባል፤ ቆዳውም ከውስጥ ይቃጠላል። በክፍተቱ በኩል ግን ቀዝቃዛው አየር ስለሚገባ ወናፉ ይድናል። ስለዚህ ጥቂት አየር ማባከን ወናፉን ማትረፍ ነው።

የጥገናው ሥርዐት

ወናፍ ቆዳ ነው፤ ምድጃውም ጭቃ ነው። ሁለቱም ከእሳት ጋር ሲኖሩ ዕድሜያቸው አጭር መሆኑ የማይቀር ነው። ስለዚህ የእሳት ሥራ ማለት ገሚሱ ጥገና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ቆዳው ነው። በእሳት አጠገብ የሚውል ቆዳ ይደርቃል፤ የደረቀ ቆዳ በሚታጠፍበት መሥመር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቅባት እየጠጣ መታሸት አለበት። ከዚያ በኋላ ስፌቱ ነው። ከእንጨቶቹ ጋር የተያያዘበትና ከቧንቧው ጋር የታሰረበት ቦታ ቀን ከቀን ስለሚጐተት መጀመሪያ የሚላላው እዚያ ነው። ልምድ ያለው ሰው ጕዳቱን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ደኅና ወናፍ የሚያሰማው ድምፅ ሙሉና ወፍራም ነው፤ የተቀደደው ግን ቀጭን ፉጨት ያወጣል። በእጁም ይታወቀዋል፤ ከረጢቱ ሲጫኑት ካልተቃወመ አየሩ በሌላ በር ወጥቷል ማለት ነው። ፍንጣቂ ያበሳውን ቀዳዳ በቶሎ ያልለጠፈ ባለወናፍ በማግሥቱ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ይጠብቀዋል። ሥራ ሲያበቃም ወናፉ ከክረምት እርጥበትና ከአይጥ ጥርስ መሰወር አለበት። የሻገተ ቆዳ ቅባትም አያድነውም።

ቀጥሎ የሸክላው ቧንቧ ነው። አፉ ፍሙ መካከል የሚገባ በመሆኑ በየሥራው ጫፉ እየቀለጠ ያጥራል። አንዳንድ ጊዜም ዝቃጭ ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ በዘንግ ወግቶ መክፈት ያስፈልጋል። ነፊው ይህን ሳያስተውል በኃይል ቢጫን አየሩ ወደ እሳቱ ሳይደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለዚህ ነው ለቧንቧ የሚሆነው ጭቃ በብርቱ የሚመረጠው። ጭቃው ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ገለባ ወይም የተፈጨ የሸክላ ስባሪ ይቀላቀልበታል፤ በጥላም ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል። በአፍሪካ በብዙ ቦታ አቅላጮች ለእቶናቸው የኩይሳ አፈር ይመርጡ ነበር፤ ምስጥ ያላመው አፈር ደቃቅና የሚጣበቅ ነውና። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍልም ባልየው ቀጥቃጭ፣ ሚስቲቱ ሸክላ ሠሪ የሆኑበት ቤት የተለመደ ነበር። የቆዳው፣ የጭቃውና የብረቱ ዕውቀት በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኘው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስልም።

በመጨረሻም ምድጃው ራሱ አለ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሙቀት በዚያ ያመልጣል፤ እሳቱም ባልታሰበ በኩል ይነድዳል። ጠጋኙ የተሰነጠቀውን ፍቆ፣ አርሶ፣ በአዲስ ጭቃ ይለስነዋል። እርጥብ ምድጃ ላይ ድንገት ትልቅ እሳት ማንደድ አይፈቀድም፤ በውስጡ የቀረው ውሃ በእንፋሎት ሲነሣ ግድግዳውን ይፈነቅለዋልና። መጀመሪያ በጥቂት ፍም ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወናፉ የሚነሣው። የሙቀቱን ልክ የሚነግር መሣሪያ ስላልነበረ ባለሙያው በብረቱ ቀለም ይፈርድ ነበር። ደብዛዛው ቀይ ገና ነው፤ ብርቱካናማው ለማጕበጥ ይበቃል፤ ወደ ነጭ ያደላው ቢጫ ሁለት ብረት ለማጣበቅ ነው፤ ብልጭታ እየረጨ ከነጣ ግን ብረቱ ተቃጥሏል። ይህን ፍርድ ልጁ የሚማረው ወናፍ እየነፋ በአባቱ አጠገብ በመቀመጥ ነው። በወናፍ ያልጀመረ ወደ መዶሻው አይደርስም።

የጠጋኙ ዕጣ

እንዲህ ያለ ዕውቀት የያዘ ሰው በማኅበሩ ዘንድ ምን ዋጋ ተሰጠው ቢባል መልሱ የሚያሳፍር ነው። በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል ቀጥቃጭ የሚፈራና የሚናቅ ነበር። ቡዳ ነው ይባላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይታማል። ጋብቻ ይከለከላል፤ ርስትም ይነፈጋል። ማረሻውን የሚያስጠግነው ገበሬ ሥራውን እየፈለገ እጁን ይጸየፈው ነበር። በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከዚህ ሐሜት ብዙ ቀምሰዋል። በወለጋም ቱምቱ ከሌላው ተለይቶ የሚኖር ወገን ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለእጅን በሙያው የሚሰድበውን ሰው ገሥጸዋል፤ በእስራትም እንደሚቀጣ አስታውቀዋል። ዐዋጁ የቀጥቃጩን፣ የሸማኔውንና የሌላውንም ሠራተኛ ስድብ እየጠቀሰ የሚናገር በመሆኑ በአገራችን የሙያ ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ አለው። ይሁን እንጂ ስድብ በዐዋጅ አይጠፋም። የባለእጅ ልጅ ከስድቡ ለመዳን ከሙያው መሸሽን መረጠ፤ ሙያውም በዚያው መጠን ተራቈተ።

በቤኒሻንጉልና በመተከል ደግሞ ከንቀት የከፋ ነገር ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ማኦና ኮሞ ከሱዳንም ከደጋውም በሚመጣ የባሪያ ፈንጋይ ይታደኑ ነበር። መንደር እየተቃጠለ ሰው ወደ ተራራና ወደ ጥቅጥቅ ቀርከሃ ይሸሽ ነበር። የሚሸሽ ሰው እቶን ተሸክሞ አይሸሽም፤ ለማቅለጥ የሚሆን ከሰል አክስሎ፣ አፈር ቈፍሮ፣ ለቀናት በአንድ ቦታ እሳት እያነደደ ሊቀመጥም አይችልም። ጢሱ ለጠላት ምልክት ነው። ወናፍ ግን ይታጠፋል፤ በትከሻም ይንጠለጠላል። የቀጥቃጭ ዕቃ ሁሉ፣ ጕጠቱም፣ መዶሻውም፣ ሁለቱም ስልቾች፣ ለአንድ ሰው ሸክም አይበዛም። በማያስተማምን ዘመን የሚኖረው በየደረሱበት ተዘርግቶ በየደረሱበት የሚጠገን ዕቃ ነው።

በትእዛዝ የመጣ መሣሪያ

ይህን ከውጭ በትእዛዝ ከመጣው ጋር ማስተያየት ይገባል። የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማኤል ፓሻ በ1821 እ.ኤ.አ. ሴናርን ከያዘ በኋላ ወደ ደቡብ ገፍቶ በ1822 መጀመሪያ ላይ ከፋዞግሊ እስከ ቤኒሻንጉል ኮረብታዎች ደረሰ። ፈረንሳዊው መንገደኛ ፍሬዴሪክ ካዮ አብሮት ነበር። የተገኘው ወርቅ ከምኞቱ እጅግ አነሰ፤ ኢስማኤልም በዚያው ዓመት ሲመለስ በሸንዲ ተቃጥሎ ሞተ። አባቱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። ኦስትሪያዊውን የማዕድን ዐዋቂ ዮሴፍ ሩሴገርን ወደ ስፍራው ላከ። በ1838 መጨረሻ ደግሞ እርሱ ራሱ፣ ዕድሜው ወደ ሰባ በተጠጋ ጊዜ፣ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ፋዞግሊ ተጓዘ። በ1847 ዬጎር ኮቫሌቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የማዕድን መሐንዲስ ተጠርቶ መጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በቱማት ወንዝ አገር ካሳን በተባለ ሥፍራ የወርቅ ማጠቢያ አቋቋመ። መሐመድ ዓሊ በ1849 ሞተ፤ ሥራውም ብዙ ሳይቈይ ተተወ። የአገሩ ሰው ግን ከዚያ በፊት እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ከጎርፍ በኋላ በወንዝ ዳር አፈሩን እየገለጠና በገበታ እያጠበ ወርቁን ማውጣቱን አላቋረጠም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ቤኒሻንጉልን ለምኒልክ ሲያስገብር፣ እንደ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ያሉት የአገሩ ገዥዎች የከፈሉት ግብር የተገኘው ከዚሁ የእጅ ሥራ ነው።

በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው የመድፍ ማቅለጫ አስገነቡ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1867 እ.ኤ.አ. 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ይታያል። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መድፋቸውን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ የጋፋት እሳት ጠፋ፤ ዳግመኛም አልነደደም። በደብረ ታቦር ገበያ ማረሻ የሚያሾለው ቀጥቃጭ ግን ወናፉን እየነፋ ቀጠለ። ካሳንና ጋፋት በቦታ ቢራራቁም ታሪካቸው አንድ ነው። በትእዛዝ የቆመው ማቅለጫም ማጠቢያም አዛዡ ሲሄድ ሄደ።

ለዘመናችን የቀረበ ሦስተኛ ምሳሌ በራሱ በክልሉ ይገኛል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከድርቅ የተረፉ ብዙ ሰዎች ከደጋው ወደ መተከል ተወስደው በበለስ ሸለቆ ሰፈሩ፤ የጉሙዝ ሕዝብም ከለመደው መሬት ብዙውን አጣ። በኢጣልያ መንግሥት እርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ትራክተርና ልዩ ልዩ ማሽን በብዛት ገባ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፤ ከመሣሪያዎቹም ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ ሆኑ። ከደጋ የመጣው ገበሬና ጉሙዙ ገበሬ በሌላው ሁሉ ባይስማሙ እንኳ በአንድ ነገር እኩል ነበሩ። ትራክተሩ ሲቆም ሁለቱም ወደ ቀጥቃጩ ደጃፍ ተመለሱ፤ አንዱ ማረሻውን፣ ሌላው ዶማውን ይዞ።

የእቶኑ መጥፋትና የወናፉ መትረፍ

ይሁን እንጂ የአገሩ ሙያም ሳይጐዳ አልቀረም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የፋብሪካ ብረት በገበያው እየተበራከተ ሄደ። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በባሮ ወንዝ እስከ ጋምቤላ በሚደርሱት የእንፋሎት መርከቦች የውጭ ሸቀጥ ወደ ምዕራቡ አገር ገባ፤ የባቡሩም ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። በጠላት ወረራ ዘመን መንገድ ተከፈተ፤ የጭነት መኪና ተመላለሰ። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳ ከኢጣልያኖች እጅ በወጣች ጊዜ፣ ከቤልጅግ ኮንጎ ከመጣው ጦር ጋር ያለፈው ጦርነት በሌላውም የአገሪቱ ክፍል እንደ ሆነው ሁሉ የተሰባበረ ብረት ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቀጥቃጩ አፈር ከማቅለጥ ይልቅ የመኪና ባሌስትራ መቍረጥ ቀለለው። ባሌስትራ ብረቱ ጽኑ ነው፤ ስለቱም ይቈያል። ለአንድ ዶማ ብዙ ጆንያ ከሰል ከመፍጀት ያድናል፤ ለደኑም እፎይታ ነው።

ስለዚህ ማቅለጫው እቶን ጠፋ፤ ማሞቂያው ምድጃና ወናፉ ግን ቀሩ። ከእቶኑ ጋር የጠፋው ዕውቀት ቀላል አይደለም። የትኛው አፈር ብረት እንዳለው፣ የትኛው ዛፍ ጠንካራ ከሰል እንደሚሰጥ፣ የአፈሩና የከሰሉ ልክ ስንት እንደ ሆነ የሚያውቁት አዛውንት አንድ በአንድ አልፈዋል። ዛሬ ተመራማሪው ከዝቃጭ ክምርና ከተሰበረ የሸክላ ቧንቧ ተነሥቶ ያን ዕውቀት በግምት ለመመለስ ይደክማል። ሲሠራ ሳለ መጠየቅ ይቻል የነበረውን፣ ከጠፋ በኋላ ከአመድ መቈፈር ግድ ሆኗል።

ወናፉም ቢሆን መልኩን ለውጧል። በብዙ ከተማ በቆዳው ፈንታ በእጅ የሚዞር የብስክሌት ጐማ በቀበቶ አነስተኛ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ መብራት በገባበትም የኤሌክትሪክ ሞተር ይነፋል። ነገር ግን ሕጉ ያው ነው። ቀበቶው ይላላል፤ የማራገቢያው ክንፍ ጥቀርሻና አመድ ይዞ ይከብዳል፤ ሚዛኑንም ያጣና ይንቀጠቀጣል። በየጊዜው ያልተጠረገና ቅባት ያላገኘ ሞተር ቅባት እንዳላገኘ ቆዳ ነው። ልዩነቱ፣ ቆዳውን ባለቤቱ ራሱ ይሰፋዋል፤ ለሞተሩ ግን መለዋወጫው ከሩቅ ይመጣል።

ለዛሬ የሚተርፈው

ይህ ታሪክ የድሮ ዕቃ ናፍቆት ብቻ አይደለም። በክልሉም ሆነ በአገሪቱ ከፍ ያለው የቤተሰብ ቍጥር እስካሁን የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። ማገዶ ቆጣቢ ተብለው ከወጡት ምድጃዎች መካከል «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ነው። መጀመሪያ የሚሰበረው ውስጡ ነው፤ ቆርቆሮው ግን ገና ብዙ ያገለግላል። በመንደሩ ሸክላውን አስተካክሎ የምትሠራ ሴት ካለች ምድጃው በአነስተኛ ዋጋ ይታደሳል፤ ከሌለች ግን ምድጃው ወደ ጥግ ይጣላል፤ ሦስቱ ጉልቻም ወደ ቦታው ይመለሳል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም ከሲሚንቶ ክፍልፋዮች የሚገጣጠም ነው። አንዱ ክፍል ሲሰነጠቅ ያን ብቻ መለወጥ እየተቻለ፣ ለዋጭ በመጥፋቱ ብቻ ሁሉም እንዳይጣል ማሰብ ያስፈልጋል። ምን ያህል ምድጃ ታደለ ብሎ መቍጠር ቀላል ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ይነዳል ብሎ መጠየቅ ግን ጠጋኙን መቍጠር ይጠይቃል።

በክልሉ ውስጥ በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከፍየል ቆዳ ወናፍ እስከዚያ ተርባይን ያለው ርቀት እጅግ ረጅም ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። የሚሽከረከር ነገር ይበላል፤ የሚሞቅ ነገር ይሰነጠቃል፤ የሚነፋ ነገር ይቀደዳል። መሐንዲሱ ይህን በቍጥር ያውቀዋል፤ ቀጥቃጩ በጆሮውና በመዳፉ ያውቀው ነበር። ለግንባታ የሚከበረው ሰው በምርቃቱ ቀን ስሙ ይጠራል፤ ለጥገና የሚያስፈልገው ሰው ግን የሚታሰበው ነገሩ በተበላሸ ዕለት ነው።

የካሳን ማጠቢያና የጋፋት ማቅለጫ ለግንባታቸው የሚሆን ገንዘብም፣ ዐዋቂም፣ ትእዛዝም አላጡም ነበር። ያጡት አዛዡ ከሄደ በኋላ በማግሥቱ ጧት መጥቶ የላላውን የሚያጠብቅ ሰው ነው። ወናፉ ደግሞ ገንዘብም ትእዛዝም ሳይኖረው ያን ሰው አገኘ፤ ስለዚህም ኖረ። ያም ሰው በምላሹ ያገኘው ንቀት ነበር። ዛሬ የሙያ ማኅበራትና የሙያ ማሠልጠኛዎች ለጠጋኙ ስም፣ ወንበርና ደመወዝ ሲሰጡ ለአንድ ባለሙያ ውለታ መዋላቸው ብቻ አይደለም፤ የተገነባው ሁሉ ከገንቢው ዕድሜ አልፎ እንዲኖር ማድረጋቸው ነው። በአሶሳ ገበያ ዳር ባሌስትራ እያጋለ ዶማ የሚያወጣ ቀጥቃጭ ቢገኝ፣ እጁ የሚሠራው ቀላል ሥራ መስሎ አይታይ። ወርቁ ሁሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ለአገሩ ቀርቶ የሚያኖረው ያ እጅ ነው።